ልብ ወለድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሆነበት ዩኒቨርሲቲ

ካርል ሲሾር ደራሲ አልነበረም። በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ከስዊድን ወደ አሜሪካ የፈለሰ፣ የሰው ጆሮ ድምፅን እንዴት እንደሚለይ ሲመራመር የኖረ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። የሙዚቃ ተሰጥዖ ይለካል ብሎ የሚያምን፣ መለኪያውንም ራሱ ያዘጋጀ የላቦራቶሪ ሰው ነው። በ1922 (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ዲን ሳለ፣ አሜሪካ ውስጥ ያልተለመደ ውሳኔ አስታወቀ። ግጥም፣ ልብ ወለድ፣ ተውኔት፣ ሥዕል ወይም የሙዚቃ ድርሰት ሠርቶ ያቀረበ ተማሪ፣ ሥራው ብቁ ሆኖ ከተገኘ እንደ ማንኛውም የምርምር ጽሑፍ ለከፍተኛ ዲግሪ ማሟያ ይያዝለታል የሚል ነበር።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እስከዚያ ድረስ ግን በዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ማጥናት ማለት ከሞቱ ዘመን የተቆጠረላቸውን ደራሲዎች ቋንቋ፣ ምንጭና ቅጂ መመርመር ነበር። ስለ ሼክስፒር ሦስት መቶ ገጽ የጻፈ ዶክተር ይባላል፤ ሼክስፒር ራሱ ከመቃብር ተነሥቶ ቢመጣ ግን «የምርምር ዘዴህን አልገለጽህም» ተብሎ ከመዝገብ ቤት በተመለሰ ነበር። ሲሾር የሻረው ይህን ነው። ከዚያ በኋላ በአዮዋ የተሠራው ሁሉ፣ በጎውም ክፉውም፣ ከዚህ የአስተዳደር ውሳኔ የተነሣ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«ደራሲነት በትምህርት ይገኛል ወይ?» የሚለው የማያልቅ ክርክር ከዚያ ውሳኔ የበቀለውን ተቋም አይመለከተውም። የአዮዋ የጸሐፊዎች ወርክሾፕ ራሱን ለአመልካቾች ሲያስተዋውቅ፣ ድርሰት በትምህርት አይገኝም የሚለውን አስተያየት በከፊል እንደሚቀበል፣ ሥራውም ተሰጥዖ ያላቸውን ፈልጎ ማበረታታት እንደሆነ ይገልጻል። የሚሰጠውን ትምህርት አላስተምርም እያለ ዲግሪ የሚሰጥ ሌላ ትምህርት ቤት መኖሩን እንጃ። እንግዲህ የቤቱ ጥቅም ምንድን ነው? መልሱ ከመግለጫው ይልቅ በታሪኩ ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

በአዮዋ የግጥም አጻጻፍ ክፍል የተከፈተው ገና በ1897 ነው። ሐርቫርድ ውስጥ ባሬት ዌንዴል ተማሪዎቹን በየዕለቱ አጫጭር ጽሑፍ ያስጽፋቸው ነበር። እዚያው ሐርቫርድ ጆርጅ ፒርስ ቤከር ተውኔት የሚያስተምርበትን ክፍል በኮርሱ ቁጥር «47 ወርክሾፕ» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ዩጂን ኦኒል የተማረው እዚያ ነው። ወርክሾፕ የሚለው ስያሜም ወደ ልብ ወለድና ወደ ግጥም ከመምጣቱ በፊት ቲያትር ቤት ነበር፤ ተውኔት የብቻ ሥራ ስላልሆነ ይመስለኛል።

ወርክሾፑ በዚህ ስሙ በአዮዋ የተመሠረተው በ1936 ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ዊልበር ሽራም ይባላል። ጋዜጠኝነት የተማሩ አንባቢዎች ይህን ስም ከኮሙኒኬሽን መማሪያ መጻሕፍት ያስታውሱታል፤ አዎ፣ ያው ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ ወደዚያው ሙያ አዘነበለ፤ ወርክሾፑንም በ1941 ለፖል ኤንግል አስረከበ። ታሪኩ የሚሞቀው ከዚህ በኋላ ነው።

ኤንግል በ1908 እዚያው አዮዋ ውስጥ ሲዳር ራፒድስ በምትባል ከተማ የተወለደ፣ የፈረስ ገሪ ልጅ ነው። ሲሾር ከከፈተው በር ቀድመው ከገቡት አንዱ ነበር። ለማስተርስ ዲግሪ ያቀረበው የግጥም ስብስብ በ1932 የዬል ዩኒቨርሲቲን የወጣት ገጣሚዎች ሽልማት አግኝቶ ታተመ። እንደ ገጣሚ ዛሬ የሚያነበው ጥቂት ነው። እንደ ገንዘብ አሰባሳቢ ግን አቻ አልነበረውም። በበቆሎና በአሳማ እርባታ በሚታወቅ ክፍለ ሀገር፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚሠራውን የሜይታግን ፋብሪካ ባለቤቶች ለገጣሚ ቀለብ እንዲያዋጡ ማሳመን ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ኤንግል ለ24 ዓመታት የሠራው በአመዛኙ ይህንን ነበር፦ ሀብታም ፈልጎ ደጅ መጥናት፣ ከዚያ ተሰጥዖ ያለው ወጣት ፈልጎ ገንዘቡን ለእርሱ መስጠት።

ዕድልም ረድቶታል። በ1944 የወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች የትምህርት ክፍያና የኑሮ አበል ከመንግሥት ካዝና እንዲሰጣቸው ፈቀደ። ከጦርነቱ በኋላ አዮዋ ሲቲ በነዚህ ጎልማሳ ተማሪዎች ተጥለቀለቀች። ክፍል ስለጠፋ ወርክሾፑ በአዮዋ ወንዝ ዳር በተተከሉ ግማሽ በርሜል በሚመስሉ የወታደር ቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ይካሄድ ነበር። በበጋ ያቃጥላሉ፣ በክረምት ያንዘፈዝፋሉ። ሰዎቹ ግን ሞትን አይተው የተመለሱ ናቸው፤ የሚጽፉት አላጡም፤ ያጡት የሚጽፉበትን ጊዜ ነበር።

በ1945 አንዲት የ20 ዓመት ወጣት ወደ ኤንግል ቢሮ ገባች። ከጆርጂያ ነው የመጣችው፤ የደቡብ አነጋገሯ ከብዶት ደጋግሞ ቢያስናግራትም ምን እንደምትል ሊገባው አልቻለም። በመጨረሻ ወረቀት አቀብሎ ጻፊልኝ አላት። ስሟን ጻፈች፣ ጋዜጠኛ አለመሆኗን ጻፈች፣ ወደ ወርክሾፑ መግባት እንደምትፈልግ ጻፈች። ፍላነሪ ኦኮነር ነበረች። ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ ብዙም አትናገርም ነበር፤ ታሪኮቿንም ሌላ ሰው ያነብላት ነበር። በ1947 የመመረቂያ ጽሑፏ አድርጋ ያቀረበችው የአጫጭር ልብ ወለድ ስብስብ ነው። በዚያው ዓመት የጀመረችው ረጅም ልብ ወለድ በወርክሾፑ በኩል የሚሰጠውን የአንድ አሳታሚ ሽልማት አገኘ፤ መጽሐፉ ታትሞ የወጣው ግን በ1952 ነው። ኋላ ላይ ዩኒቨርሲቲ ደራሲዎችን ያፍናል ወይ ተብላ ስትጠየቅ፣ ያፈናቸው አነሱ እንጂ አልበዙም የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጥታለች። የሠለጠነችበትን ቤት እንዲህ የምትተች ተመራቂ ያወጣ ተቋም ሊኮራ ይገባዋል ባይ ነኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው የጻፈውን ያቀርባል፤ በኤንግል ዘመን በስቴንስል ተባዝቶ ለክፍሉ ይታደላል። ሁሉም አንብቦ ይመጣል። ከዚያ ደራሲው ዝም ብሎ ተቀምጦ ጓደኞቹ ሥራውን ሲበልቱት ያዳምጣል። እንዲህ ማለቴ ነው ብሎ መከላከል አይፈቀድለትም፤ መጽሐፍ ከታተመ በኋላም ደራሲ በየአንባቢው ቤት እየዞረ አያብራራምና። የእኛ አገር የቅኔ ቤት ተማሪ ይህ ሥርዓት በግማሽ አዲስ አይሆንበትም። እርሱም ቅኔውን ቆጥሮ፣ የራሱን አዲስ ሥራ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ በጓደኞቹ ጆሮ ይታረማል፤ የሌላውን ደግሞ ማምጣት ነውር ነው። ልዩነቱ ፍርዱ ላይ ነው። በቅኔ ቤት የመጨረሻው ቃል የመምህሩ ነው፤ መለኪያውም የታወቀ ነው፤ ቤት ካልመታ አልመታም። በአዮዋ ግን ፈራጁ እኩያ ነው፤ ሕጉ ያልተጻፈ ነው። የዚህ ጦስ ኋላ ይመጣል።

እነዚያ የቆርቆሮ ቤቶች በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ሎዌልንና ጆን ቤሪማንን በመምህርነት አስተናግደዋል። ቤሪማን ብዙም አልቆየም፤ ጠጥቶ ከአከራዩ ጋር ተጣልቶ ታሰረ፣ ከሥራውም ተሰናበተ። በዚያች አጭር ጊዜ ግን ክፍሉ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ስኖድግራስና ፊሊፕ ሌቪን ነበሩ። ከዲትሮይት የመጣው የሠራተኛ ልጅ ሌቪን ሳይመዘገብና ሳይከፍል ነው የተማረው። ኋላ ፑሊትዘርን አግኝቷል፣ የአሜሪካ ባለቅኔ ሎሬት ተብሎም ተሰይሟል። የስኖድግራስ ታሪክ ደግሞ የበለጠ ይገርመኛል። ከሚስቱ ሲለያይ ስለራቀችው ልጁ የጻፋቸው ግጥሞች የዘመኑን የተጎለመሰ፣ የተከናነበ አጻጻፍ ትተው በቀጥታ ስለ ግል ሕይወት የሚናገሩ ነበሩ። መምህሩ ሎዌል ከተማሪው እንደተማረ ራሱ መስክሯል፤ በ1959 ያሳተመውና የአሜሪካን ግጥም አቅጣጫ የቀየረው መጽሐፉ የዚያ ተጽዕኖ አለበት። ስኖድግራስ በ1960 ፑሊትዘርን ወሰደ። በየትኛው የሥርዓተ ትምህርት ሰነድ ላይ ነው «መምህሩ ከተማሪው ይማራል» የሚል ዓላማ የሚጻፈው?

ቤቱ ለመምህራኑም ቢሆን መጠለያ ነበር። ከርት ቮነገት በ1965 ወደ አዮዋ ሲመጣ መጻሕፍቱ ከገበያ እየጠፉ፣ ቤተሰቡን ማስተዳደር ከብዶት ነበር። ሁለት ዓመት አስተማረ፤ ጆን ኧርቪንግ ተማሪው ነበር። ለብዙ ዓመታት እምቢ ያለውን፣ በድሬዝደን መቃጠል ላይ የተመሠረተውን ልብ ወለዱን የሠራው በዚያ ጊዜ ነው፤ በ1969 ሲወጣ ሀብታም አደረገው። ደመወዝ ሁልጊዜ እንዲህ አያፈራም። በ1973 ጆን ቺቨርና ሬይመንድ ካርቨር አብረው ሲያስተምሩ በጽሕፈት መኪናቸው ፋንታ መጠጥ ቤቱን አዘወተሩት፤ ካርቨር ራሱ ኋላ ሳይደብቅ ተናግሮታል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ፤ ኤንግል የት የት እንደለመነ ዝርዝሩ ሁሉ የሚያስደስት አይደለምና። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነው። ኤንግል ለሮክፌለር ፋውንዴሽን ሲጽፍ፣ ሶቪየቶች የውጭ አገር ወጣቶችን ወደ ሞስኮ እያመጡ እንደሆነ፣ አሜሪካም በአዮዋ በኩል መልስ መስጠት እንደሚገባት ያሳስብ ነበር። በ1967 ለተመሠረተው ዓለም አቀፍ የጸሐፊዎች መርሐ ግብሩ ገንዘብ ከሰጡት መካከል ፋርፊልድ የሚባል ፋውንዴሽን ይገኝበታል፤ ፋርፊልድ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት የሲ.አይ.ኤ. ገንዘብ መተላለፊያ ነበር። የወርክሾፑ ምሩቅ የሆነው ኤሪክ ቤኔት በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ከዚህም ያርቀዋል። «በሐሳብ አትስበክ፣ በሚታይና በሚዳሰስ ነገር አሳይ» የሚለው የወርክሾፕ ትእዛዝ፣ ከርእዮተ ዓለም የሚሸሽ፣ በግለሰብ ላይ የሚያተኩር ጽሑፍ በሚመችበት ዘመን የበቀለ ነው ይላል። ክሱን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም፤ ቼኾቭም ያለ ሲ.አይ.ኤ. ገንዘብ አሳይቷልና። ግን ከዚያ በኋላ ያንን ምክር እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጎ መስማት ያስቸግራል።

ዓለም አቀፉን መርሐ ግብር ኤንግል የመሠረተው ከታይዋን ከመጣችው ደራሲ ከኒየ ኋሊንግ ጋር ነው፤ በ1971 ተጋቡ። የተለያዩ አገሮች ደራሲዎች ለወራት አዮዋ ሲቲ ተቀምጠው ይጽፋሉ፣ ይከራከራሉ። ኦርሃን ፓሙክ በ1985፣ ሞ ያን በ2004 እዚያ ነበሩ። የገንዘቡ ምንጭ ያሰበው ሌላ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የሆነው ሌላ ነው። ቻይና በሯን ስትከፍት ከቤጂንግና ከታይፔ የመጡ፣ በፖለቲካ የማይገናኙ ደራሲዎች በኒየ ቤት አብረው እራት በልተዋል።

ከእኛም ሰው ሄዷል። «አደፍርስ»ን የጻፈው ዳኛቸው ወርቁ አዮዋ ሄዶ የፈጠራ ጽሑፍ ተምሯል። «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ከቋንቋው ክብደት የተነሣ ብዙ አንባቢ የሸሸው፣ ያልሸሸው ደግሞ ያልተወው ልብ ወለድ ነው። ደብረ ሲናን ይዞ፣ በልማዱና በአዲሱ ትውልድ መካከል ያለውን ንትርክ ከነጓዙ ያመጣዋል። በ1973 የለንደኑ ሃይነማን በአፍሪካ ጸሐፊዎች ተከታታይ ያሳተመለት የእንግሊዝኛ ልብ ወለዱ ግን ሌላ መልክ አለው። አንድ ወጣት የታመሙትን ባላባት አባቱን ለጠበል ወደ ዝቋላ አቦ ሲያወጣ ያለውን ይተርካል፤ ሐሳቡ በየትዕይንቱ ውስጥ ተቀብሯል፤ ገጸ ባሕርያቱ እንደ «አደፍርስ» በረጅሙ አይሟገቱም። የቋንቋው ለውጥ ብቻ ነው ያመጣው ወይስ የወርክሾፑም እጅ አለበት? ሁለቱን አከታትሎ ላነበበ ሰው ጥያቄው አይቀርም። እኔ የወርክሾፑ እጅ አለበት ወደሚለው አደላለሁ፤ ከሁለቱ ልብ ወለዶች የምወደው ግን «አደፍርስ»ን ነው። ክፍል ውስጥ በስቴንስል ተባዝቶ ቢቀርብ ኖሮ፣ የ«አደፍርስ»ን ግማሽ ጓደኞቹ «ይህ ክርክር በዛ፣ ቁረጠው» ይሉት ነበር ብዬ እገምታለሁ። ቢሰማቸው «አደፍርስ» አይኖረንም ነበር።

የእኩያ ፍርድ ጦስ ያልሁት ይህን ነው። አሥራ ሁለት ሰው ሁሉ የሚስማማበት ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ማንንም የማያስቀይም ጽሑፍ ነው። ሳንድራ ሲስኔሮስ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከቺካጎ ስትመጣ የገጠማት ከዚህ የባሰ ነው። ሜክሲኳዊ አባት ያላት፣ በስድስት ወንድሞች መካከል ያደገች ብቸኛ ሴት ልጅ ናት። አንድ ቀን ክፍሉ በጋስቶን ባሽላር መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ ስለ ቤትና ትዝታ ሲወያይ፣ ጓደኞቿ ስለ ቆጥና ምድር ቤት ስለ ደረጃና ስውር ጥግ ያወራሉ። እርሷ ያደገችበት የኪራይ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረውም። መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ ተናደደች። እነርሱ ሊጽፉት የማይችሉትን እጽፋለሁ ብላ የጀመረችው በ1984 ወጥቶ ዛሬ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በስፋት የሚነበበው የማንጎ ጎዳናው ቤት ልብ ወለድ ነው። እንግዲህ ወርክሾፑ ለሲስኔሮስ ምን አደረገላት? ተቃራኒ ሰጣት። ይህን ግን ቤቱ እንደ ጸጋ ሊቆጥረው አይገባም፤ በዚያው ዓይነት ክፍል ውስጥ ተናዳ ከመጻፍ ይልቅ አፍራ ዝም ያለች ስንት እንዳለች የሚቆጥር የለም። በ2014 ጁኖ ዲያዝ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ ስለ ነጭ የበዛባቸው ወርክሾፖች ተመሳሳይ ቅሬታ ሲጽፍ ከየአቅጣጫው «የእኔም ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሞዴሉ ከአዮዋ ወጥቶ ተሠራጨ። በ1967 ከወርክሾፑ መምህራን አንዱ የነበረው ካሲል የጸሐፊዎችን ፕሮግራሞች ማኅበር ሲያቋቁም አባል የሆኑት 13 ፕሮግራሞች ነበሩ፤ ዛሬ አባል ተቋማቱ ከ500 ይበልጣሉ። ካሲል ግን በማኅበሩ 15ኛ ዓመት ተነሥቶ ይፍረስ አለ፤ ደራሲዎች የዩኒቨርሲቲ ሹመኛ ሆነው ቀሩ በሚል። ማንም አልሰማውም። እንግሊዝ ውስጥ ማልከም ብራድበሪና አንገስ ዊልሰን በ1970 ኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ሲጀምሩ የመጀመሪያው ዓመት ተማሪ አንድ ብቻ ነበር፤ ኢያን ማክዩአን። ካዙዎ ኢሺጉሮም ከዚያው ቤት ነው የወጣው።

በውጭ አገር በእንግሊዝኛ የሚጽፉ የእኛ ልጆችም አሁን በዚህ መንገድ ነው የሚያልፉት። ዲናው መንግሥቱ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር የደረሰችው መዓዛ መንግሥቴ ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2021 የኬን ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሜሮን ሀደሮ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በፈጠራ ጽሑፍ ማስተርስ አላቸው። ሜሮን ከዚያ በፊት ከዬል በሕግ ተመርቃለች። ሐበሻ ወላጅ ላለው አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም፤ ከዬል ሕግ ወጥታ ተረት ልትማር ሄደች የሚል ዘመድ በየቤቱ አለ።

ለዚያ ዘመድ መልስ መስጠት ካስፈለገ ጥያቄውን ወደ ገንዘብ ማዞር ነው። ጥሩዎቹ ፕሮግራሞች ተማሪያቸውን ይደጉማሉ፤ ክፍያውን ይሰርዙለታል፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን እያስተማረ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት የወር አበል ይቆርጡለታል። ሌሎቹ፣ በተለይ በትልልቅ ከተሞች ያሉት፣ በአብዛኛው ያስከፍላሉ፤ ተማሪውም ከዲግሪው ጋር የብዙ ሺህ ዶላር ዕዳ ይዞ ይወጣል። ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ሥርዓተ ትምህርታቸውም ይመሳሰላል። ኤንግል ግን የፋብሪካ ባለቤቶችን ደጅ ሲጠና የኖረው ተማሪው እንዳይከፍል ነው። የሚያስከፍለው ፕሮግራም ከአዮዋ የወሰደው ክብ ጠረጴዛውንና ዝም ብሎ የመቀመጥ ሥርዓቱን ነው፤ ይህንን ደግሞ አራት ጓደኛሞች ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ቡና ቤት ተገናኝተው በነጻ ሊያደርጉት ይችላሉ።